ሙቀትን በጨው ስለ ማስቀመጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ ዓመት ከመካከላችን በሞት የተለዩንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

እንደምታውቁት ለለቅሶ ቤት ከምናወጣው ወጪ ውስጥ ማገዶና ከሰል ቀላል ቦታ አይዙም። ድንኳኑ አንዴ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል፤ ድስቱም እንደዚሁ። ማገዶ ግን ዛሬ ተገዝቶ ዛሬውኑ ዐመድ ይሆናል። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ እናቶቻችን ሌሊቱን ጭስ ውስጥ ያድራሉ። ሞት ቀጠሮ ስለሌለው «መብራት እስኪመጣ እንቆይ» አይባልም። ከዚህ የተነሣ፥ የቀን ፀሐይ ሙቀት በጨው ውስጥ ተቀምጦ ማታ እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ አለ ስለሚባል፥ እድሩ ካጠራቀመው ገንዘብ አውጥቶ ይግዛ የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። ኮሚቴውም ነገሩን አጣርተን እንድናስረዳ ለእኛ ሰጥቶናል።

እኛ እንደምታውቁን ምሁር አይደለንም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥተን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኛ ነን። ገቢ፥ ወጪ፥ ቀሪ ብሎ መጻፍ ግን እናውቃለን። ሙቀትም እንደ ገንዘብ ገቢ፥ ወጪና ቀሪ እንዳለው የተረዳነው ነገሩን ማጣራት ስንጀምር ነው። የተማሩት ልጆቻችን እያነበቡ፥ እኛም እየጠየቅን የደረስንበትን እንደሚከተለው እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድብቅ ሙቀት ማለት ምን ማለት ነው?

ሙቀትን ማሳደር ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በዐመድ ዳፍነው ያሳድሩት ነበር፤ ጠዋት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ይነሣል። ሆኖም በተዳፈነ እሳት ውስጥ የሚያድረው ከሰሉ ራሱ ነው። ቀስ እያለ ይነዳል እንጂ ሙቀቱ ብቻውን ተቀምጦ አያድርም። ከሰል ሳይኖር ሙቀቱን ብቻ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው በተለይ ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው ማጋል ነው። ድንጋይ ወይም ብረት ወይም ውኃ ይሞቃል፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ የያዘውን ይሰጣል። ሸክላው ምጣድ እሳቱ ከተነሣ በኋላ ትንሽ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ግን ሙቀቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ እየወረደ መሄዱ ነው። መጀመሪያ ያሳርራል፤ በኋላ ሊጡ ላይበስል ይቀራል።

ሁለተኛው ማቅለጥ ነው፤ የዛሬው ጉዳያችንም ይኸው ነው። በረዶ በድስት አድርጋችሁ እሳት ላይ ጥዳችሁ ብታማስሉት፥ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ውኃው ከ0 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም። እሳቱ ግን ይነዳል። ታዲያ ሙቀቱ የት ገባ? በረዶውን ለማቅለጥ ገባ። 1 ኪሎ ውኃን በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት 1 ኪሎ ካሎሪ ይባላል። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል። ይህ እንግዲህ ያንኑ 1 ኪሎ ውኃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ውኃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል። በቴርሞሜትር ስለማይታይ ባለሙያዎቹ ድብቅ ሙቀት ይሉታል። በእድር ቋንቋ ብናስቀምጠው፥ የከፈልነው ወርኃዊ መዋጮ ኪሳችን ውስጥ አይታይም፤ ቀን የጎደለብን ዕለት ግን ተመልሶ ደጃችን ይመጣል።

ሌላም ጥቅም አለው። የሚቀልጠው ነገር ሙቀቱን ሲመልስ፥ ረግቶ እስኪያልቅ ድረስ በዚያው በመቅለጫው ዲግሪ አካባቢ ቆሞ ይሰጣል። እንደ ድንጋዩ ሲፋጅ ጀምሮ ሲበርድ አይጨርስም።

በረዶ በ0 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለማሞቂያ አይሆንም። ስለዚህ በሚፈለገው ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ሌላ ነገር መፈለግ ነበረበት። ጨው የገባው እዚህ ላይ ነው። ጨው ሲባል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ብቻ አይምሰላችሁ። በኬሚስቶች ዘንድ ጨው የሚባሉት እጅግ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ የመቅለጫ ዲግሪ አለው። አባቶቻችን አሞሌ አድርገው የተገበያዩበት የምግብ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። ይኼ ከማንም ቤት ምድጃ አቅም በላይ ነው። «ጨውማ በአገራችን ሞልቷል» ያላችሁን ሁሉ መልሱ ይኸው ነው፤ የወጥ ጨው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የዶቨር ቤት

በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዶክተር ማሪያ ቴልኬስ ናቸው። በ1900 ሀንጋሪ ውስጥ ቡዳፔስት ተወልደው ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1939 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፀሐይ ኃይል ጥናት ክፍል ገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከባቸው ወይም አውሮፕላናቸው አደጋ ደርሶበት ባሕር ላይ ለሚቀሩ ወታደሮች፥ የባሕሩን ውኃ በፀሐይ አጣርቶ የሚያጠጣ መሣሪያ የሠሩ ሴት ናቸው።

በ1948 መጨረሻ ላይ ከቦስተን ከተማ ብዙ በማይርቅ ዶቨር በሚባል ቦታ አንድ ቤት ተሠራ። የቤቱን ንድፍ ያወጡት ኤሊኖር ሬይመንድ የተባሉ አርክቴክት፥ ገንዘቡን የሰጡት አሚሊያ ፒቦዲ የተባሉ ቀራጭ፥ የማሞቂያውን ሐሳብ ያመጡት ዶክተር ቴልኬስ ናቸው። ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ይህን የምንናገረው እዚህ የተቀመጡት ሴቶች ልጆቻችን እንዲሰሙት ነው። የዚያ አገር ክረምት በረዶ የሚጥልበት ነው፤ ማሞቂያ የሌለው ቤት ሰው አይኖርበትም። ይህ ቤት ግን የሚሞቀው በፀሐይ ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር የተሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በፎቁ ላይ ወደ ደቡብ በሚያየው ግድግዳ መስተዋት ተደርድሯል፤ ከመስተዋቱ ኋላ ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት ቆርቆሮ አለ። ፀሐይ ብረቱን ታግለዋለች፤ ከብረቱ ኋላ ያለው አየር ይሞቃል። ማራገቢያ ያንን የሞቀ አየር እየገፋ በክፍሎቹ መካከል ወደ ተሠሩት ጠባብ ጓዳዎች ይወስደዋል። በጓዳዎቹ ውስጥ በብረት ዕቃ የታሸገ ጨው ተደርድሯል። ቀን ጨዉ ይቀልጣል፤ ማታ ሲረጋ ደግሞ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ክፍሎቹ ይነፋል። የጨዉ ብዛት 21 ቶን ገደማ ነበር። በእነርሱ ቶን ስለሆነ በእኛ 190 ኩንታል ያህል ይመጣል።

ጨዉ የግላውበር ጨው ይባላል። ዮሐን ሩዶልፍ ግላውበር በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ እርሱ ራሱ «ድንቅ ጨው» ይለው ነበር። ለብዙ ዘመን ሆድ ለማጽዳት በመድኃኒትነት ሲሰጥ ኖሯል። ሲታይ ነጭ ድንጋይ ይመስላል እንጂ፥ በ1 ኩንታሉ ውስጥ 44 ኪሎው ብቻ ነው ደረቅ ጨው፤ 56 ኪሎው ውኃ ነው። ውኃው ከጨዉ ጋር ተያይዞ ረግቶ ነው የማይታየው። በ32 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ይህም ከሰው ገላ ሙቀት ዝቅ ያለ ነው። 1 ኪሎው ሲቀልጥ 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይወስዳል። የመኖሪያ ቤትን ለማሞቅ ልክ የሆነ ዲግሪ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር።

እስቲ እንደ ልማዳችን እናስላው። 190 ኩንታል ማለት 19,000 ኪሎ ነው። በ60 ሲባዛ 1,140,000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ደረቅ እንጨት 1 ኪሎው ወደ 3,800 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ሲካፈል 300 ኪሎ፥ ማለትም 3 ኩንታል እንጨት ነው። 190 ኩንታል ጨው በ3 ኩንታል እንጨት! ነገሩ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን እንጨቱ አንዴ ነድዶ ያልቃል፤ ጨዉ ግን ከረጋ በኋላም እዚያው ቤት ነው ያለው። ፀሐይ በክረምቱ ውስጥ 50 ጊዜ ብትሞላው የ150 ኩንታል እንጨት ሥራ ሠራ ማለት ነው። እንግዲህ የጨው ማስቀመጫ ጥቅሙ ያለው በመመላለሱ ላይ ነው። መመላለሱ ከቀረ 190 ኩንታል ሸክም ብቻ ነው።

ፀሐይ ባትወጣ እንኳ ወደ 10 ቀን ያህል ቤቱን ያሞቃል ተብሎ የታሰበ ነበር። የዶክተሯ ዘመዶች ገብተው ኖሩበት። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈለት፤ ሰው ሊያየው ጎረፈ። ሁለት ክረምት ደኅና አለፈ። በሦስተኛው ክረምት ግን ጨዉ ሥራውን መሥራት አቃተው። ከጊዜ በኋላም ወጥቶ ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ በዘይት የሚነድ ምድጃ ገባለት። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚባለው ደረሰበት።

ጨዉ ለምን ከዳ?

አባላት ሆይ፥ ከንግግራችን ሁሉ ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ እንድትሰሙልን እንለምናለን፤ ለእኛ ገንዘብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ የጨዉና የውኃው መለያየት ነው። ይህ ጨው በ32 ዲግሪ ሲቀልጥ፥ በውስጡ የነበረው ውኃ ጨዉን ሁሉ ለማሟሟት አይበቃም። ጥቂቱ ሳይሟሟ ይቀርና እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሲቀዘቅዝ ከላይ ያለው ውኃ ከታች ካለው አተላ ጋር እንደገና መገናኘት ነበረበት። ነገር ግን በመካከላቸው መጀመሪያ የረጋው ጨው እንደ ክዳን ይጋርዳቸዋል። ከታች ደረቅ ጨው፥ ከላይ ውኃ ሆነው ይቀራሉ። በማግሥቱ የሚቀልጠው ከትናንቱ ያንሳል፤ በሠልስቱ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዕቃው ያው ነው፤ ክብደቱም ያው ነው፤ የሚይዘው ሙቀት ግን እየጎደለ ይሄዳል። ሣጥኑን ከፍቶ ያልቆጠረ ሰው መጉደሉን የሚያውቀው ብርዱ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው እምቢ ብሎ አለመርጋት ነው። አንዳንድ ጨው መርጊያው ዲግሪ ላይ ደርሶ፥ ከዚያም ወርዶ፥ ፈሳሽ እንደ ሆነ ይቆያል። ሙቀቱም ውስጡ ተቆልፎ ይቀራል። ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችን ለወገብና ለእጅ ሕመም ይዘውልን የሚመጡትን ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ያያችሁ ትኖራላችሁ። በውስጡ ያለች ቀጭን ብረት ቀጭ ስትደረግ ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ይረጋና ይሞቃል። ያ ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው፤ መቅለጫው 58 ዲግሪ ሲሆን ሳይረጋ በክፍል ሙቀት ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ለወገብ ሕመም ይህ ጠባዩ ይጠቅማል፤ ብርድ በመጣ ጊዜ በራሱ መሥራት ላለበት የቤት ማሞቂያ ግን ችግር ነው። ዶክተር ቴልኬስ በ1952 ባሳተሙት ጥናት ለግላውበር ጨው መድኃኒቱን አሳይተዋል። ይኸውም ቦራክስ የሚባለውን፥ አንጥረኞች ወርቅ ሲበይዱ የሚጠቀሙበትን ዱቄት ጥቂት መጨመር ነው። ሊጥ እርሾ እንደሚፈልግ ጨዉም መርጋት እንዲጀምር እርሾ ይፈልጋል።

ሦስተኛው የዕቃው መበላት ነው። ጨውና ውኃ አንድ ላይ ሆነው ብረትን ምን እንደሚያደርጉ የቤታችን ቆርቆሮ ምስክር ነው። በዶቨርም የጨዉ መያዣዎች ዝገው ያፈስሱ ጀመር።

ዶክተሯ ግን ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። ለመለያየቱም መፍትሔ ሲፈልጉ ቆይተው፥ በ1970ዎቹ ልዩ የሆነ የሸክላ አፈር ከጨዉ ጋር በመቀላቀል ፈሳሹን የማወፈር ዘዴ አወጡ። ነገሩ ለእናቶች ግልጽ ነው። ዱቄት በቀጭን ውኃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ በአጥሚት ውስጥ ግን ተንሳፍፎ ይቆያል። ሌሎችም ጨዉን በስስ ዕቃ አሽገው አተላው ከውኃው እንዳይርቅ አደረጉ። ከብረት ይልቅ የማይዝግ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። ከዚህ በኋላ ጨዉ የተሻለ ሆነ። እርሳቸውም እስከ እርጅናቸው በዚሁ ሥራ ላይ ቆይተው በ1995 በተወለዱበት ከተማ ዐረፉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው አንድ ቁም ነገር ነው። የሙቀት ማስቀመጫ የሚፈተነው የተመረቀ ዕለት አይደለም። በሺኛው ጊዜም የተሰጠውን ሙሉ በሙሉ ሲመልስ ነው። የዶቨር ቤት በተመረቀበት ወር ቢጠየቅ ኖሮ ምንም ጉድለት አይገኝበትም ነበር።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ

ዶክተር ቴልኬስ በ1950ዎቹ ከፎርድ ፋውንዴሽን 45,000 ዶላር ተሰጥቷቸው፥ ማገዶ በማይገኝባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች የሚሆን የፀሐይ ምድጃ ሠርተው ነበር። እኛን የሚመለከተው ጥያቄ ግን እንጀራ ነው። እንጀራ ከሌላ ምግብ የሚለየው ሰፊና በጣም የጋለ ምጣድ ስለሚፈልግ ነው፤ ምጣዱ 200 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። የግላውበር ጨው 32 ዲግሪ ለዚህ ምኑም አይደለም። ሌላ ጨው ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሞከረው ሶዲየም ናይትሬትና ፖታሲየም ናይትሬት የሚባሉ የሁለት ጨዎች ድብልቅ ነው፤ ከ100 እጅ 60ው የመጀመሪያው፥ 40ው የሁለተኛው ነው። ከ220 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይቀልጣል። ውስጡ ውኃ ስለሌለ ከላይ የተናገርነው የውኃና የጨው መለያየት አያገኘውም። ይህ ድብልቅ በዓለም ላይ በብዛት ይሠራበታል። በስፔን አገር በግራናዳ አውራጃ የሚገኘው አንዳሶል የተባለው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍሉ ብቻ 28,500 ቶን ይዟል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ለ7 ሰዓት ተኩል ያህል ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚያ ጨዉ ሁልጊዜ እንደ ቀለጠ ነው፤ ከ290 ወደ 390 ዲግሪ ገደማ ይግልና መልሶ ይበርዳል እንጂ አይረጋም። ማለትም በአንደኛው መንገድ፥ በማጋል ነው የሚሠራው። «በስፔን ይሠራል፤ ስለዚህ ለምጣድም ይሠራል» የሚል ሻጭ ቢመጣ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ይታወቅ።

ለእንጀራ ሲባል በማቅለጥ የተደረገ ሙከራም አለ፤ ያውም በገዛ አገራችን። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የትሮንድሄም ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፥ የፀሐይን ጨረር በጎድጓዳ አንጸባራቂ ሰብስቦ የናይትሬት ጨውን በማቅለጥ ሙቀቱን ለእንጀራ መጋገሪያ የማቆየት ሥራ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ በ2014ም ጥናታቸውን አሳትመዋል። ልጆቻችን በእናቶቻቸው ችግር ላይ መመራመራቸው የሚያኮራ ነው።

አሁንም እናስላ። ይህ ድብልቅ 1 ኪሎው ሲቀልጥ ወደ 25 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ለ1 ሰዓት ሲሠራ 3,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ይህን ከሚረጋ ጨው ለማግኘት 120 ኪሎ፥ ማለትም 1 ኩንታል ከ20 ኪሎ ያስፈልጋል፤ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው። ለቤተ ሰብ የሚሆን የአንድ ሰዓት ጋገራ ይኼን ያህል ነው። ለለቅሶ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ለሚጋገረው ስንት እንደሚሆን እናንተው አባዙት።

ሦስት ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንደኛ፥ ጨው ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ደካማ ነው። እንደ ገንፎ ዳሩ ሲረጋ መሐሉ ገና ይፋጃል፤ የረጋው ዳር ደግሞ የመሐሉን ሙቀት አላወጣም ይላል። ስለዚህ በጨዉ ውስጥ የአሉሚኒየም ክንፎች መግባት አለባቸው፤ ይህ ዋጋውንና ክብደቱን ይጨምራል። ሁለተኛ፥ በጣም የጋለ ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛል። የዶቨር ጨው 32 ዲግሪ ስለ ነበር ለቀናት ይቆያል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ220 ዲግሪ ያለ ጨው ግን ምንም ያህል ቢሸፈን ለማታው እንጂ ለሳምንት አይታሰብም። እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲዘጋ የሚደርስ ለቅሶ ከዚህ ምድጃ ብዙ አያገኝም። ሦስተኛውና ዋናው ጥንቃቄ ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ማለት ባሩድ የሚሠራበት ጨው ነው። ብቻውን አይነድም፤ ነገር ግን ከከሰል ወይም ከዘይት ጋር በግለት ከተገናኘ እሳትን ያብሳል። በቀለጠው ጨው ላይ ውኃ ቢገባ ደግሞ እየፈነጠረ ሰው ያቃጥላል። ሕፃናት በሚሮጡበት፥ ሰው በተጨናነቀበት የለቅሶ ግቢ እንዲህ ያለ ዕቃ በደንብ የታሸገና የተመረመረ ካልሆነ አይገባም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ሐሳባችንን በአጭሩ እንናገር። ጨው ሙቀትን ያስቀምጣል፤ ይህ እውነት ነው፤ ወሬ አይደለም። ወጣቶቹ ያመጡት ሐሳብ መሳቂያ አልነበረም፤ መመስገን ይገባቸዋል። ሆኖም የእድራችን ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም የአንድ ሰው የመጨረሻ ክብር ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት ከቀብሩ ሒሳብ ለዚህ ምድጃ ገንዘብ እንዳይወጣ እንመክራለን።

ይህ ማለት ግን በሩ ይዘጋ ማለት አይደለም። ማንም ሻጭ ወይም ድርጅት እንዲህ ያለ ምድጃ ይዞ ቢመጣ ኮሚቴው የሚከተሉትን ይጠይቀው፤

1ኛ. ውስጡ ያለው ጨው ምን ዓይነት ነው? በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? ስንት ኪሎስ ነው?

2ኛ. ስንት ጊዜ ቀልጦና ረግቶ ተፈትኗል? ከዚያ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ ከያዘው ሙቀት ስንት እጁ ቀረ? በጽሑፍ ያሳየን።

3ኛ. መያዣው ከምን ተሠራ? ቢያፈስ ማን ይጠግናል? ኃላፊነቱስ የማን ነው?

4ኛ. በእኛ ግቢ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላ፥ በእናቶቻችን ሊጥ፥ በእናቶቻችን እጅ ጋግሮ ያሳየን። አንድ እንጀራ አውጥቶ ፎቶግራፍ መነሣት አይበቃም፤ የመጨረሻውም እንጀራ እንደ መጀመሪያው ዓይን ያውጣ። ፈራጆቹም የሚጋግሩት እናቶች ይሁኑ እንጂ እኛ ወንዶቹ አንሁን።

እስከዚያው ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፥ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ይህ የታወቀ፥ በቀላሉ የሚገኝና የሚጠገን ነገር ነው። ለእድሩ ዕቃ ቤት ሁለት ቢገዛ፥ ማገዶው ደርቆ እንዲቀመጥ ከቆርቆሮ ጥላ ቢሠራለት፥ ጭሱም ወጪውም ይቀንሳል። ይህ ወጪ ከዕቃ ግዢው ሒሳብ የሚሸፈን እንጂ የቀብሩን የሚነካ አይደለም።

ከወጣቶቹም ሁለት ሦስት ልጆች ተመርጠው፥ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚደረገውን ሙከራ እየተከታተሉ በየዓመቱ ለዚህ ጉባኤ እንዲያስረዱ እንጠይቃለን። የምርምር ሥራ ጊዜ ይወስዳል። በዶቨር ሁለት ክረምት ሠርቶ በሦስተኛው የከዳው ጨው መድኃኒቱ እስኪገኝለት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በእንጀራው ምድጃም ላይ የሚደክሙት ልጆቻችን አንድ ቀን ይሳካላቸዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ማስረጃውን አይተን፥ ቆጥረን፥ ወስነን እንገዛለን።

ሌሊቱን በጭስ ዓይናቸው እያለቀሰ፥ ኀዘን የደረሰበትን ቤት እንግዳ የሚያበሉልን እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ እጅ ሲወጣ መጀመሪያ የእነርሱ እጅ እንዲቆጠር እያሳሰብን፥ ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስን በአክብሮት እናቀርባለን።